ንቧ ለምን ትሞታለች?



አዘጋጆቹ ከባዮሎጂ አንድ ነገር ንገረን ሲሉኝ የመረጥኩት ንብን ነው። ሠራተኛ ንብ ሰው ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳችን ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፤ ሆዷ ተቀዶ ትሞታለች። የራሷ ልጆችም የሏትም። ታዲያ የተፈጥሮ ምርጫ ብዙ ዘር የሚተካውን የሚጠቅም ከሆነ፣ ይህ ጠባይ እንዴት ከትውልድ ትውልድ ተላለፈ? ዳርዊን ራሱ በ1859 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ የማይወልዱ ሠራተኛ ነፍሳትን ለሐሳቡ ከባድ ፈተና አድርጎ አንሥቷቸዋል።

ሒሳቡን የሠራው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃሚልተን ነው፣ በ1964። ጂን በራስ ልጅ ብቻ አይተላለፍም፤ ወንድምም እኅትም ይሸከሙታል። ዘመድ የሚያገኘው ጥቅም በዝምድናው መጠን ተባዝቶ ከከፋዩ ጉዳት ከበለጠ፣ ያ ጠባይ ይስፋፋል። የእናት ያባት ልጅ ግማሽ ነው፤ የአጎት ልጅ አንድ ስምንተኛ። ንቧ የምትሞትላቸው እናቷና እኅቶቿ ናቸው። ንግሥቲቱ ከብዙ ወንዶች ስለምትዳቀል ግን ብዙዎቹ በእናት ብቻ ነው የሚገናኙት፤ ነገሩ ክፍል ውስጥ እንደተማርነው ቀላል አይደለም።

ዕድራችንስ? ለእሱ የሚቀርበው ሮበርት ትሪቨርስ በ1971 የጻፈው ነው፤ ዛሬ እኔ ለአንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የጆርጅ ፕራይስ ነገር ነው። ይህ አሜሪካዊ ለንደን ሄዶ የሃሚልተንን ሥራ አነበበና በ1970 ኔቸር መጽሔት ላይ የራሱን ቀመር አወጣ። በዚያው ዓመት አጥባቂ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ያለውን ሁሉ ለቤት አልባዎች ሰጠ፣ ቤቱንም ከፈተላቸው። በ1975 መጀመሪያ ራሱን አጠፋ። ቀብሩ ላይ ሃሚልተንና ጆን ሜይናርድ ስሚዝ ከእነዚያ ቤት አልባዎች ጥቂቶቹ ጋር አብረው ቆሙ።

ቀመሩ ነው የገደለው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ ሰውዬው ታሞም ተቸግሮም ነበር። ደግሞስ ቀመሩ ደግነት ውሸት ነው አይልም እኮ! ርኅራኄ ለምን በዘር እንደቀረ ነው የሚናገረው። ልጇን ከእሳት የምታወጣ እናት ግማሽና ሩብ አትቆጥርም፤ የሚያንቀሳቅሳት ፍቅሩ ነው።

ችግሩ የፕራይስ እንግዶች ዘመዶቹ አልነበሩም፤ ሊመልሱለትም አይችሉም ነበር። በትንንሽ መንደር የዳበረ ርኅራኄ ወደ ባዕድም ፈሶ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ እርስ በርስ የሚረዳዳ ቡድን ሌላውን ስለሚያሸንፍ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ሁለተኛውን የምትደግፉ ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።