ለቆሰለ የእግር ጣት የሚስማማ ጫማ



የበሬ ጫንቃ በቀንበር ሲላጥ በሬውን ፈትተን እናሳርፈዋለን። የራሳችን ጣት በእንቅፋት ወይም በዶማ ሲቆስል ግን በጠባብ ጫማ ጨቁነን እርሻ እንወርዳለን። ዘወትር የሚጫኑት ቁስል ደም እንደሚገባ ስለማይደርሰው ቶሎ አይድንም።

ስለዚህ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ስታሠሩ የሚከተለውን አስተውሉ።

አንደኛ፤ እግር ውሎ ያብጣልና ልኩ የሚወሰደው ማታ፥ ቆሞ ነው። የጫማው መርገጫ ከረጅሙ ጣት በአንድ አውራ ጣት ስፋት ይለፍ፤ ድንጋይ ሲያጋጥም ጎማው ይቀድማል።

ሁለተኛ፤ ማሰሪያው በጣቶች ላይ አይለፍ። አንዱ በእግር ጀርባ፥ አንዱ በተረከዝ በኩል ይሁን። የተረከዙ ማሰሪያ ከሌለ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ቁስሉን ያስጨንቃል።

ሦስተኛ፤ ሚስማሩ ወደ ውስጥ እንዳይወጣ በእጅ ዳስሱ፤ በላዩም ለስላሳ ነገር አንጥፉ።

ነገር ግን ክፍት ጫማ አፈር ያስገባል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፤ እግራችሁን ማታ ማታ በሳሙና ታጠቡ፤ ሲድንም ፊቱ ሰፊ የሆነ ድፍን ጫማ አድርጉ።

በሥጋ ደዌ ወይም በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሕመም አያስጠነቅቀውምና ጫማውንና እግሩን በየቀኑ ይመርምር። ቁስሉ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለበሬው ያዘንነውን ያህል ለእግራችንም እንዘን።