ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ሴቶች ልጆቻችንና የኮምፒውተር ሙያ የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ አንዱን ብቻ መርጬ መጥቻለሁ። በዩኒቨርሲቲ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ምን እንደሚሠራ፣ ሥራውስ ለእኛ ለሲሪንቃና ለሀብሩ ሰዎች ምን እንደሚጠቅም እነግራችኋለሁ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዲፕሎማዬም በሂሳብ አያያዝ ነው። ድረ ገጽ መሥራት አልችልም። ነገር ግን የእንዲህ ያለ ሥራ ሂሳብ ይዣለሁ፤ ደመወዝ ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ አስገብቻለሁ። ሂሳብ የያዘ ሰው አንድ ሥራ በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚወድቅ ያያል።

ምርምር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ደጃችን ነው። አቀንጭራ የሚሉትን አረም ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም። የማሽላን ሥር ይዞ ከመሬት በታች ይመጠምጣል፤ አበባው ሲታይ ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል። አንዱ አረም በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈሳል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ይህን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማግኘት የታወቁት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ለአገራችን ገበሬ ከደረሱት አቀንጭራን ከሚቋቋሙ ዝርያዎች መካከል ጎብዬና አብሽር ይገኛሉ። ጎብዬን በከተማነቷ እናውቃታለን። አብሽር ደግሞ ወሎዬ ሰው ሲያበረታታ የሚለው ቃል ነው።

እንዲህ ያለ ዝርያ የሚገኘው በብዙ ዓመት መዝገብ ነው። የትኛው ዘር በየትኛው ማሳ ተዘራ? ዝናቡ መቼ ገባ፣ መቼ ቀረ? ምን ያህል አረም ተቆጠረ? ምርቱ ሲመዘን ስንት ኪሎ ሆነ? ይህ ሁሉ ይጻፋል። ጥያቄው መዝገቡ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። አንዱ በደብተር፣ አንዱ በተመራማሪው ላፕቶፕ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ብትፈልገው አታገኘውም። በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለው ተመራማሪም ስለማያውቀው ያንኑ ሙከራ እንደገና ይጀምራል። ገበሬዋማ ጭራሽ አልሰማችም።

የኮምፒውተር ድር የተባለው ነገር ራሱ የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። በጄኔቫ አጠገብ ሰርን የሚባል ትልቅ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል አለ። ከብዙ አገር የሚመጡ ተመራማሪዎች ይሠሩበት ነበር፤ የሁሉም መረጃ ግን በየኮምፒውተሩ ተበታትኖ ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረ ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 መረጃዎቹን የሚያያይዝ መንገድ በጽሑፍ አቀረበ። በ1991 ድሩ ከማዕከሉ ውጭ ላሉም ተከፈተ፤ በ1993 ደግሞ ማዕከሉ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ዛሬ በስልካችን የምንከፍተው ሁሉ መነሻው የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ድረ ገጽ ሠሪ በላቦራቶሪ ውስጥ ምን ትሠራለች ለሚል ሰው፣ መጀመሪያውኑ ቤቷ እዚያ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

አሁን ሂሳቡን ወደያዝኩበት ሥራ ልምጣ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ የልጅቱንም እንዲሁ። በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀች ወጣት ናት። የማሽላ ሙከራ በሚያደርግ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ በኮንትራት ተቀጠረች። ድረ ገጽ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን የመሥሪያ ቤት ፎቶና የኃላፊው መልእክት ነው። የእሷ ሥራ ግን ሌላ ነበር።

መጀመሪያ የወረቀቱን ቅጽ ወደ ስልክ አመጣችው። ኔትወርክ በሌለበት ማሳ ላይ ተሞልቶ ስልኩ ውስጥ ይቆያል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ራሱ ይልከዋል። ቀጥሎ የፊደል ጉዳይ ገጠማት። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ብዙ የአማርኛ ሰነድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። እሱ ቢፈታም ሌላ ችግር ነበር፤ አንዱ ጸሐፊ ወረዳችንን ሀብሩ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሐብሩ፣ ሦስተኛው ሃብሩ። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ወረዳ ነው። አንዱን ሲፈልጉት የሌሎቹ ማሳዎች ይጠፋሉ። ልጅቱ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ የሚቆጥር ፍለጋ ሠራች። እዚህ የሚኖር ሰው ካልሆነ በቀር ይህን ማን ያስባል?

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። ቅጹ ላይ የቤቱ ባለቤት ተብሎ አንድ ሳጥን ብቻ ነበር፤ እዚያ ሁልጊዜ የባል ስም ይገባል። ልጅቱ ለተመራማሪዎቹ "ዘሩን መርጦ የሚያስቀምጠው ማነው? መልሱን የሰጠውስ ማነው?" አለቻቸው። ዘር የምንመርጠው፣ በጎታም በቅልም የምናስቀምጠው እኛ መሆናችንን ታውቃላችሁ። ሳጥን ተጨመረ። ከዚያ በኋላ የሴቶቹ ቃል በሴቶቹ ስም መመዝገብ ጀመረ። ለሕዝብ በሚታየው ገጽ ላይ ደግሞ የማንም ስም እንዳይወጣ በቁጥር ተካችው፤ የማሳ ልክና የምርት መጠን የሰው ገመና ነውና።

ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ ምን ነካው? እዚህ ላይ ነው የእኔ ሙያ የሚመጣው። በፕሮጀክቱ በጀት ላይ ድረ ገጽ ማሠሪያ የሚለው መስመር የተቀመጠው ከጠረጴዛና ከወንበር ጋር፣ በዕቃ ግዥ ሥር ነበር። ጠረጴዛ አንዴ ይገዛል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ያበቃል። ድረ ገጽ ግን እንደ ላም ነው። የገዛንበት ቀን ወጪው የሚጀምርበት ቀን ነው። ስሙ በየዓመቱ መታደስ አለበት። የተቀመጠበት ኮምፒውተር ኪራይ ይከፈልበታል። ፕሮግራሙ ካልታደሰ ሰርጎ ገብ ይገባበታል። ተመራማሪው አዲስ ውጤት ሲያመጣ የሚያስገባ እጅ ያስፈልጋል። ላሚቱ ተገዛች፤ መኖና እረኛ ግን በጀት ላይ አልነበሩም።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የልጅቱም ኮንትራት አለቀ። የዕድሳት ማስታወቂያው በእሷ ኢሜይል ነበር የሚመጣው፤ እሷም ለሚመለከተው አስተላልፋ ነበር። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ከጥቂት ቀን የውሎ አበል አይበልጥም ነበር። ነገር ግን በተዘጋ ፕሮጀክት ላይ ወጪ መመዝገብ አይቻልም፤ የመደበኛው በጀት ደግሞ እንዲህ ያለ መስመር የለውም ተባለ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ገጹ ጠፋ። ማንም ክፉ አልሠራም፤ ሁሉም ደንቡን ጠብቋል። መረጃው ዛሬም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ የተለየ አሠራር የለም ወይ? አለ። በጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ሥራ አለው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት በድረ ገጽ የሚዘረዝርና የሚገልጽ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር የታቀደው ለ25 ዓመት ነው። የእኛን የአባቶቻችንን ብራና ለማጥናት ሌላ አገር የሩብ ምዕተ ዓመት በጀት ይዟል። ይህን የማነሳው ለመውቀስ አይደለም። ብራና አንባቢው፣ ኮምፒውተር አዋቂውና ገንዘብ ያዡ በአንድ ዕቅድ ላይ ሲቀመጡ የሚሆነውን ለማሳየት ነው።

ሌላም ምክንያት አለን፤ እሱን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያለፍንበትን ሁላችን እናስታውሳለን። ቤት ተዘረፈ፣ ጤና ጣቢያ ተዘረፈ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም የምርምር ማዕከላችንም ከጉዳቱ አላመለጡም። ጠረጴዛ ይተካል፣ ኮምፒውተርም ይተካል። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የነበረ የአስር ዓመት መዝገብ ግን በምን ይተካል? ያለፈው ክረምት ዝናብ ተመልሶ አይለካም። ድረ ገጽ የምትሠራ ባለሙያ ከዕለት ሥራዋ አንዱ ግልባጭ በሌላ ቦታ ማኖር ነው። ከእህል አንዱን ጎታ እዚህ፣ ሌላውን ዘመድ ቤት እንደምናደርገው ማለት ነው።

እንግዲህ ልጆቻችንን ወደዚህ ሙያ እንላክ ወይ? እኔ እንላክ እላለሁ፤ ግን እውነቱን ነግረን። ሥራው ብዙ ጊዜ ኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ ያልቃል። በዩኒቨርሲቲ መዋቅር ውስጥ መምህርና ተመራማሪ የሚወጡበት የማዕረግ መሰላል አለ፤ ለእንዲህ ያለች ባለሙያ ግን መሰላሉ አጭር ነው። ሥራዋ ውስጥ ያለፈበት ጥናት ሲታተም ስሟ ላይጠቀስ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት የኮንትራቱን ዘመን፣ የሚከፈልበትን የበጀት መስመርና ስሟ በሥራው ላይ መጻፉን ትጠይቅ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ትምህርቱን በተመለከተ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ከፕሮግራሚንግ መሠረት ጀምሮ የዳታ ትንተናና ሌሎችም አሉበት። የምስክር ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ግን ቀጣሪ የሚያየው የሠራችውን ነው። አንድ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የእድር ወይም የቁጠባ መዝገብ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርታ ብታሳይ ይበልጣል። እናቶች ደግሞ አንድ ነገር ልንሰጣት እንችላለን፤ ጊዜ። ወንድሟ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ እያጠና ነው እንላለን፤ እሷ ስትቀመጥ ውሃ አልተቀዳም እንላታለን። ፕሮግራም የሚጻፈው ተከታታይ ሰዓት ሲገኝ ነው። በየሩብ ሰዓቱ እየተጠራች የምትጽፈው ስህተቱ ብዙ ነው።

በመጨረሻ ሦስት ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛው ለአጋሮቻችን ነው። ድረ ገጽም ሆነ የኮምፒውተር መዝገብ ያለበት ፕሮጀክት ስትደግፉ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሚሆን የዕድሳት ገንዘብ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ማን ተረክቦ እንደሚከፍልም በውሉ ላይ ይጻፍ። ከዕቃ ግዥ አውጡትና የራሱን መስመር ስጡት። እኛ የሂሳብ ሠራተኞች መስመሩ ካለ እንከፍላለን፤ መስመሩ ከሌለ እጃችን ታስሯል።

ሁለተኛው ለራሳችን ነው። የማኅበራችን የቁጠባ መዝገብ አንድ ነው፤ ያለውም በአንድ ሣጥን ውስጥ ነው። በየወሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይያዘው፤ አንዷ ብትታመም ሌላዋ እንድትከፍተው። ለዚህ ድረ ገጽ አያስፈልገንም፤ ዛሬ መጀመር እንችላለን።

ሦስተኛው ለልጆቻችን ነው። ከማኅበሩ የትምህርት ድጋፍ ውስጥ ኮምፒውተር ለምትማር ልጅ የኢንተርኔት ክፍያ የሚሆን በየወሩ እንመድብ፤ እሷም በምላሹ የማኅበሩን መዝገብ ግልባጭ ትጠብቅ። እሷ ሥራ ትለምዳለች፤ እኛም ሰው እናገኛለን።

ሐሳቦቹ ዛሬ ድምፅ እንዲሰጥባቸው እጠይቃለሁ።  አብሽሩ።