ስለ ሴቶች ልጆች ክብር በሲኒማ ስለ ማስተማር



በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ድፍረት» የተባለው ፊልም፥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለ ተጠለፈችና ጠላፊዋን ገድላ ስለ ተከሰሰች የ14 ዓመት ልጅ ይተርካል፤ ነገሩም በእውነት ከተደረገ የተወሰደ ነው። ይህን በወልቂጤና በቡታጅራ ብናሳይ፥ ምክራችንን ያልሰማ ሁሉ በዓይኑ አይቶ ያዝናል። ነገር ግን ኀዘን ብቻውን አይበቃም። ፊልሙ ሲፈጸም መምህሩ «ልጅቱ የእናንተ ብትሆን ምን ትፈርዱ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሴቶችም አስቀድመው ይናገሩ። የቃቄ ውርድወት በጆካ ሸንጎ ፊት ስለ ሴቶች መብት ተሟግታለችና፥ ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም።

የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ቢያገባ ክሱን ያስቀር ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ከ3 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣዋል፥ ጋብቻም አያድነውም። እንግዲህ የጠላፊው ዘመዶች እርቅ ለምነው ቢመጡብን፥ «ነገሩ የዳኛ ነው» ብለን እንመልሳቸው።