የወሰን ገመዱን ማን ይያዝ?

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። መገኘት ላልቻሉ ጎረቤቶቻችን እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች፤

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከመኪና ማቆሚያውና ከቆሻሻ መውሰጃው ቀን ራቅ ያለ ይመስላል። ነገር ግን አይርቅም። አንድ ቀን አቤት የምንለው ለማን እንደሆነ፣ የሚሰማንም ስንት ሰው ከእኛ ጋር ቆሞ እንደሆነ የሚወስነው የምርጫ ክልላችን ወሰን ነው። ይህን ወሰን ማን ያሰምረው? እስከ ዛሬስ እንዴት ተሰመረ? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? ኮሚቴያችን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ የተወያየበትን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አገር ቤት የእርሻ ወሰን ሲያጣላ ምን ይደረግ እንደነበር የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ። ባለመሬቶቹ ቆመው እያዩ ገመዱን የሚይዙት ሽማግሌዎች ናቸው። ከባለጉዳዮቹ አንዱ ተነሥቶ «ገመዱን እኔ ልያዝ፣ ድንጋዩንም እኔ ልትከል» ቢል፣ ድንበር ገፊ ይባላል እንጂ ማን ይሰማዋል? እዚህ አሜሪካን አገር ግን በብዙ ግዛቶች የምርጫ ክልል ሲከለል ገመዱን የሚይዘው ራሱ ባለጉዳዩ ነው። ተመራጩና ፓርቲው ማለታችን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል። በ2020 ቆጠራ የሜሪላንድ ሕዝብ 6,177,224 ሆኖ ተገኘ። ግዛታችን በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 8 ወንበር ስላላት ለእያንዳንዱ ክልል 772,000 ያህል ሰው ይደርሳል። በዚህ ቆጠራ ዜጋውም ዜጋ ያልሆነውም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም እኩል ይገባል። ስለዚህ ገና ድምፅ ለመስጠት ያልበቃው ጎረቤታችን ሁሉ በወሰኑ ጉዳይ ባለድርሻ ነው።

የሰው ቁጥር እኩል ይሁን እንጂ መስመሩን በማጣመም ብዙ መሥራት ይቻላል። መንገዱም ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሌላውን ወገን ደጋፊዎች በአንድ ክልል አጭቆ፣ እዚያ በሰፊው እንዲያሸንፉና ሌላው ቦታ ባዶ እጃቸውን እንዲቀሩ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ በየክልሉ ጥቂት ጥቂት አድርጎ በትኖ የትም እንዳይበዙ ማድረግ ነው። በሁለቱም መንገድ ሕዝቡ ተመራጩን መምረጡ ይቀርና ተመራጩ ሕዝቡን ይመርጣል።

በሜሪላንድ የኮንግረስ ካርታ እንደ ማንኛውም ሕግ አናፖሊስ ባለው ምክር ቤት የሚወጣ ነው። በ2011 የወጣውን ካርታ ያየ ሰው ይገርመዋል። የ3ኛውን ክልል ቅርፅ አንድ የፌዴራል ዳኛ ክንፉ ተሰብሮ ከተጋደመ ጥንታዊ በራሪ አውሬ ጋር አመሳስለውታል። የእኛው 8ኛ ክልል ከዋሽንግተን ድንበር ተነሥቶ በካሮልና በፍሬድሪክ ካውንቲዎች ገጠር አልፎ እስከ ፔንሲልቬኒያ ጠረፍ ይዘረጋ ነበር። በ6ኛው ክልል ደግሞ የምዕራቡ ተራራማ አገር ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ከተሞች ጋር ተሰፋ። ለ20 ዓመት የቆዩት ሪፐብሊካኑ ሮስኮ ባርትሌትም በ2012 ወንበራቸውን አጡ። የያኔው አገረ ገዥ ማርቲን ኦማሊ ኋላ በፍርድ ቤት ቃላቸውን ሲሰጡ፣ ያ ክልል ለዴሞክራቶች እንዲመች መፈለጉን አልሸሸጉም።

ታዲያ ሕዝቡ ዝም አለ? አላለም። የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ በፊርማ ወደ ሕዝበ ውሳኔ የመውሰድ መብት ይሰጣል። ለዚያ ካርታ የሚያስፈልገው ፊርማ 55,736 ነበር፤ ከዚያ በላይ ተሰበሰበ። ኢንተርኔት የረዳውም እዚህ ላይ ነው። ፈራሚው በኮምፒዩተር ስሙንና አድራሻውን ያስገባል፤ ቅጹ ተሞልቶ ይወጣለታል፤ እሱም አትሞ በእጁ ይፈርምበታል፤ በፖስታ ይልከዋል። «እንዲህ ያለ ፊርማ አይቆጠርም» ብለው የተከራከሩ ነበሩ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2012 ክርክራቸውን አልተቀበለም።

ይሁንና ነገሩ በድል አላለቀም። በኅዳር 2012 ጥያቄው ለሕዝብ ሲቀርብ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው፣ ሕጉ በአዲሱ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የስምንቱን ክልሎች ወሰን እንደሚያቆም ብቻ ነበር። የካርታው ሥዕል የለም፤ ስለ መጣመሙም ምንም አይልም። ይህን ያነበበ ሰው ለምን ይቃወማል? 64 ከመቶ ገደማ የሚሆነው መራጭ ካርታውን አጸደቀው። ከዚህ የምንማረው አለ። ፊርማ በር ያስከፍታል እንጂ ቤት ውስጥ አያስገባም። ከፊርማው በኋላ ቤት ለቤት ሄዶ ነገሩን ማስረዳት ካልተጨመረበት ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ። በሰኔ 2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ፣ ለፓርቲ ጥቅም የተጣመመን ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች እንደማያዩት ወሰነ። ለየግዛቱ ሕግና ፍርድ ቤት ተተወ ማለት ነው። በ2021 አገረ ገዥ ላሪ ሆገን 3 ዴሞክራት፣ 3 ሪፐብሊካንና 3 ከሁለቱም ያልሆኑ ሰዎች ያሉበት የዜጎች ኮሚሽን አቋቁመው ነበር። ምክር ቤቱ ግን የኮሚሽኑን ካርታ ትቶ የራሱን አወጣ፤ አገረ ገዥው ቢከለክሉም ሽሮ አጸደቀው። በመጋቢት 2022 ዳኛ ሊን ባታግሊያ ያንን ካርታ ከልክ ያለፈ የፓርቲ አድልዎ ነው ብለው ጣሉት። በማግሥቱ ወር ሌላ ካርታ ወጣ፤ በእርሱም 8ኛው ክልል ወደ ሞንትጎመሪ ተሰበሰበ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኮሚሽን ነበረ፤ ነገር ግን ሥልጣን አልነበረውም። መካሪ ብቻ ነበር። ገመዱን ለሽማግሌ ሰጥቶ ድንጋዩን ራስ መትከል ማለት ይህ ነው።

ሥልጣን ያለው ኮሚሽን ምን ይመስላል ቢባል ሚሺጋንን እንይ። በኅዳር 2016 ኬቲ ፌሂ የምትባል ወጣት፣ የክልል አከላለሉን አድልዎ ለማስቀረት የሚረዳት ሰው እንዳለ በፌስቡክ ጠየቀች። ፖለቲከኛ አልነበረችም። ሰው ተሰበሰበ። መጀመሪያ በ33 ቀን 33 የሕዝብ ስብሰባ አደረጉና ሰዉ የሚፈልገውን ሰሙ። ቀጥሎ ወረቀት ይዘው በየገበያውና በየመንገዱ ወጡ። የሚያስፈልገው 315,654 ፊርማ ሲሆን በበጎ ፈቃደኞች እጅ ከ425,000 በላይ ሰበሰቡ። በ2018 ሕዝቡ በ61 ከመቶ አጸደቀው። ኮሚሽኑ 13 ሰው አለው፤ 4 ዴሞክራት፣ 4 ሪፐብሊካን፣ 5 ከሁለቱም ያልሆኑ። ካመለከቱት መካከል በዕጣ ይወጣሉ። ካርታ ለማጽደቅም ከሦስቱም ወገን ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰው መስማማት አለበት።

ኮሚሽን ሲባል ደግሞ መላእክት ተሰበሰቡ ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 2023 የፌዴራል ፍርድ ቤት በዲትሮይት አካባቢ 13 የግዛት ምክር ቤት ክልሎች የተሰመሩት በዘር ላይ በመመሥረት ነው ብሎ ጥሏቸዋል፤ ኮሚሽኑም እንደገና አሰመረ። ልዩነቱ ግን የተሠራው በአደባባይ መሆኑ፣ የተበላሸውም በአደባባይ መታረሙ ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ የሚነሣውን ጥያቄ እናውቃለን። «ሌላው ግዛት ገመዱን ወደ ራሱ እየሳበ እኛ ለምን እንልቀቅ?» የሚል ነው። ቀላል ጥያቄ አይደለም። በነሐሴ 2025 ቴክሳስ ቆጠራ ሳይደርስ ካርታዋን ለሪፐብሊካኖች እንዲመች ለወጠች። በኅዳር 2025 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ለዚያ ምላሽ የሚሆን ካርታ አጸደቀ፤ በዚህም የራሱ ነጻ ኮሚሽን ያወጣው የኮንግረስ ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን ተተወ። በእኛም ግዛት አገረ ገዥ ዌስ ሙር በዚያው ወር አማካሪ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ቢል ፈርገሰን ደግሞ በጥቅምት ካርታ መለወጡን እንደማይደግፉ አስታውቀው ነበር።

የኮሚቴያችን አስተያየት ይህ ነው። ጎረቤት ድንበር ገፋ ተብሎ የሚገፋ ድንበር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በደካማው ማሳ ላይ ነው። ፓርቲዎቹ ቂማቸውን በካርታ ሲወራረሱ ከመካከል የሚቆረሰው ሰፈር ነው። እኛ ደግሞ ሰፈር ነን። ማኅበራችን የማንም ፓርቲ አይደለም፤ አንዱ ከአንዱ ይሻላል ብሎ ዕጩ አይደግፍም። ነገር ግን ገመዱ በገለልተኛ እጅ ይግባ ማለት የሁላችንም ጉዳይ ነው። ለሁሉም ግዛት አንድ ደንብ ቢወጣ የተሻለ መሆኑን እናምናለን፤ ያ እስኪመጣ ግን የራሳችንን ደጃፍ እንጥረግ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ።

አንደኛ፣ በሜሪላንድ ሕግ ሕዝቡ እንደ ሚሺጋን በፊርማ ብቻ የግዛቱን ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይችልም። ማሻሻያው ከምክር ቤቱ መነሣት አለበት። ከ141 የተወካዮች አባላት 85፣ ከ47 ሴናተሮች 29 ከደገፉት በኋላ ለሕዝብ ይቀርባል። ስለዚህ ጥያቄያችን የሚሄደው ለራሳችን ሴናተርና ተወካዮች ነው። ምክር ቤቱ ከጥር ሁለተኛ ረቡዕ ጀምሮ 90 ቀን ይቀመጣል፤ በዚያን ጊዜ አናፖሊስ ሄዶም ሆነ በጽሑፍ ምስክርነት መስጠት ይቻላል። ለዚህ ዜግነት አይጠየቅም። እንግሊዝኛው ያስቸገረውን የኮሚቴው ወጣቶች ያግዙታል።

ሁለተኛ፣ በስልካችሁ የሚላከው የኢንተርኔት ፊርማ። ለሕግ አውጪዎች የሚቀርብ አቤቱታ ከሆነ ማንም ነዋሪ ቢፈርምበት ነውር የለውም፤ ድምፅ ነው። ነገር ግን ሕጋዊ ግዴታ አያመጣም። አንድ ሴናተር በስልክ ከተጫኑ ሺህ ስሞች ይልቅ በስማቸውና በሰፈራቸው የጻፉለትን ሃያ ሰዎች ያስታውሳል። ስለዚህ «ፈርሜያለሁ እኮ!» ብላችሁ አትቀመጡ።

ሦስተኛ፣ ለሕዝበ ውሳኔ የሚሰበሰበው ፊርማ ሌላ ነው። እዚያ ላይ የሚፈርመው በሜሪላንድ የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። ታኮማ ፓርክ ለከተማው ምርጫ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችን ማስመረጧ እዚህ ላይ አይሠራም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ቢለመንም አይፈርም፤ ራሱን ችግር ላይ ይጥላል።

በተለይ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ስም። ፊርማው የሚቆጠረው ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ እንዳለ ሲጻፍ ነው፤ ወይም በመዝገቡ ያለው የመጨረሻ ስምና ቢያንስ አንድ ሙሉ ስም፣ ከሌሎቹም የመጀመሪያ ፊደላቸው ሲጻፍ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ አንዱ በአባቱ፣ አንዱ በአያቱ ይመዘገባል፤ አንዱኑ ስም በፈረንጅ ፊደል ሦስት ዓይነት አድርገን እንጽፋለን። በ2008 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ ደንብ ግዴታ እንጂ ምክር አይደለም ብሎ ስለወሰነ በዚሁ በካውንቲያችን የተሰበሰበ ፊርማ ከንቱ ሆኗል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት በመዝገቡ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ እዩ። አድራሻውንና የፈረማችሁበትን ቀን አትርሱ። ባል ለሚስቱ፣ እናት ለልጇ አትፈርም፤ እያንዳንዱ በገዛ እጁ ይፈርም።

የሚቀጥለው ቆጠራ በ2030 ነው። ሩቅ ይመስላል፤ ሆኖም ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከዚያ በፊት መጠናቀቅ ስላለበት ጊዜው አጭር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ለሴናተራችንና ለተወካዮቻችን የሚላከው ደብዳቤ ረቂቅ በዚሁ ሰሌዳ ሥር ተቀምጧል። አንብቡት፤ የማይስማማችሁን ቃል ሰርዙ፤ የራሳችሁን ጨምሩና በስማችሁ ላኩት።



የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ