ባሌ ለተመደባችሁ

ሮቤ ወይም ጎባ የተመደበ ወጣት ሐኪም ወይም መምህር ዘመድ ወዳጁ «ምነው ይህን ያህል ራቅህ?» ይለዋል። ብስክሌት የሚወድ ከሆነ ግን እኔ እንኳን ደስ ያለህ ነው የምለው።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ የአስታውን ደን አቋርጦ ሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ በቀላሉ ማርሽ እንኳ እግር ይዝላል። ጅባራው አጠገብ ቀይ ቀበሮ ጆሮዋን ቀስራ የፍልፈል ጉድጓድ ስትጠብቅ ልታዩ ትችላላችሁ። ከአምባው ማዶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል፤ ፍሬናችሁን ሳታስፈትሹ አትሞክሩት። ታች ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል።

የሄዳችሁት ግን ለሥራ ነው። አፋን ኦሮሞ ተማሩ፤ በሽተኛውም ተማሪውም ልቡን የሚሰጣችሁ በቋንቋው ስታናግሩት ነው። ወፍራም ካፖርት ያዙ። ሳነቴ ስትወጡም ከመንገዱ አትውጡ፤ ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፣ ካሉትም ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው።