ለጭረት ኪስ፣ ለስብራት መድን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው ስለ ንብረት ጥበቃ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ የመረጥኩት አርእስት ባጃጅ ነው። በአሶሳ ከተማ ባጃጅ ለባለቤቱ እርሻውም ሱቁም ነው። የባለንብረቱ ቤት፣ የሹፌሩ ቤት፣ የጋራዥ ሠራተኛው ቤት ሁሉ በእነዚያ ሦስት ጎማዎች ይበላል። የእድራችንንም መዋጮ ከዚሁ የሚከፍለው አባል ጥቂት አይደለም። እንግዲህ ባጃጇ ተገጭታ ስትጨረመት በኪስ ትጠገን ወይስ መድን ድርጅት ካሳ ይጠየቅ? የሚለው ጥያቄ የቤት ጉዳይ ነው።

መድን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እድር ራሱ መድን ነው። ራሱን ያመመው አባል የእድር ጥሩምባ አያስነፋም፤ ቡና ጠጥቶ ይተኛል። ቤተሰብ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ሐዘን ሲመጣ ግን ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይወጣል። የመድን ድርጅትም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። በ1967 ዓ.ም. 13 የግል መድን ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። ድርጅቱ የመንግሥትም ይሁን የግል አሠራሩ አንድ ነው፤ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት አረቦን ይከፍላል፣ ትልቅ ጉዳት የደረሰበት ይካሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከሁሉ በፊት የመድን ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆነ፤ ይህም አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ይህ መድን የሚክሰው የተገጨውን ሰውና የሌላውን ንብረት ነው። የራሳችሁን ባጃጅ ፓራፋንጎ አያቃናም። ብዙ ሰው «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ተማምኖ ሲሄድ በእጁ ያለው ይህ ብቻ ይሆንና ባዶ እጁን ይመለሳል። የራስን ተሽከርካሪ የሚያስጠግነው ሙሉ ሽፋን የሚባለው ነው።

ሙሉ ሽፋን ያለውም ቢሆን ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛው ተቀናሽ ነው። ከያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያውን የተወሰነ ገንዘብ ባለንብረቱ ራሱ ይችላል። ሁለተኛው፣ ዓመቱን ሙሉ ካሳ ሳይጠይቅ ለቆየ ሰው ውሉ ሲታደስ ከአረቦኑ የሚደረግለት ቅናሽ ነው። ካሳ ሲጠይቅ ቅናሹ ይቀራል።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። ጥገናው 6,000 ብር፣ ተቀናሹ 3,000 ብር ይሁን። ድርጅቱ የሚከፍለው 3,000 ብር ነው። በሚመጣው ዓመት የሚቀረው ቅናሽ 2,000 ብር ቢሆን የተረፈው 1,000 ብር ብቻ ነው። ባጃጇ ገማች እስኪያያት፣ ፕሮፎርማ እስኪሰበሰብ ተጨማሪ 5 ቀን ብትቆም፣ በቀን 600 ብር የተጣራ ገቢ ብታስገባ ኖሮ 3,000 ብር ቀረ ማለት ነው። ካሳ ጠይቆ 2,000 ብር ከሰረ! በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የተባለው ይኸው ነው።

ጥገናው 60,000 ብር ቢሆንስ? ተቀናሹ 3,000፣ የቀረው ቅናሽ 2,000፣ 10 ቀን ሥራ መፍታት 6,000፤ ይህ ሁሉ ተቀንሶ 49,000 ብር ይተርፋል። እዚህ ላይ ካሳ አለመጠየቅ የዋህነት ነው። እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ውልና በራሳችሁ ገቢ ይህንኑ አስሉ።

ነገር ግን ሒሳብ የማይገባበት ቦታ አለ። ሰው ከተነካ፣ ቢቦጭር እንኳ፣ «አይዞህ» ተባብሎ መለያየት አይገባም። የተጎዳው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፣ ትራፊክ ፖሊስ ይጠራ፣ ለድርጅቱም ይነገር። ዛሬ በእግሩ የሄደ ሰው ነገ ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ መረጃ የሌለው ባለንብረት ባጃጁን ሸጦም አይወጣውም፤ የተጎዳውም ሰው ካሳ ሊያጣ ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አደጋው እንደታወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ፣ ለመድን ሰጪው እንዲነገር ያዛል። ማስታወቅ ካሳ መጠየቅ አይደለም፤ በር ክፍት ማድረግ ነው።

ሌላው ሻንሲና ፎርሴላ ነው። ባጃጇ ከተገጨች በኋላ መሪዋ ወደ አንድ ጎን የሚስብ፣ ጎማዋ አንድ ወገን የሚበላ፣ በሯ ወይም ሸራዋ አልገጥም የሚል ከሆነ ጉዳቱ የቆዳ አይደለም፣ የአጥንት ነው። ወደ ባምባሲም ሆነ ወደ ኩርሙክ መንገድ ተሳፋሪ ይዞ የሚወጣ ሰው ይህን በቀለም ሸፍኖ ቢሄድ በሰው ነፍስ ይጫወታል። በባለሙያ ይታይ።

ጉዳቱ በርግጥ የቆዳ ከሆነ በኪስ ይሠራል፤ ግን በቶሎ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በአካባቢያችን ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። የተላጠ ላሜራ ከዚያ በፊት ካልተሸፈነ ክረምቱን ሙሉ ዝገት ሲበላው ይከርማል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭቃው በደንብ ይታጠብ። ባትላሜራው የጎደጎደውን ከጀርባ በመዶሻ ቀስ እያለ ያቅና። ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነ ባትሪው ይፈታ፣ ነዳጅ ያለበት ቦታም ይጠበቅ። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፈግፈግ። ስቱኮ በስሱ ይቀባ፤ ጉድጓድ በስቱኮ የሚሞላ ሠራተኛ ሥራ አቀለለ እንጂ አልጠገነም፣ በኮረኮንች ላይ ይረግፋል። ደርቆ ከተስተካከለ በኋላ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ በመጨረሻ ዋናው ቀለም ይቀባ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ደረሰኙን ከፍ አድርግልኝ፣ የድሮውንም ጭረት ጨምርበት» የሚል ሰው አለ። ሕጉ ካሳ ጉዳትን እንዲተካ እንጂ እንዲያበለጽግ አይፈቅድም። በመካከላችን ያልሞተ ዘመድ ሞተብኝ ብሎ ከእድር ሣጥን ገንዘብ የሚወስድ ቢገኝ ምን እንለዋለን? ያም ይህም አንድ ነው፤ የሚወስደው ከሌላው ከፋይ ነው።

ለሹፌሮችም የምለው አለኝ። የጭረት ገንዘብ ከደመወዜ ይቆረጣል ብላችሁ አደጋ አትደብቁ። ባለንብረቶችም ለትንሹ ጭረት ሁሉ ሹፌሩን አታስጨንቁ፤ የተጨነቀ ሹፌር ይደብቃል፣ የተደበቀ ጉዳት ደግሞ አንድ ቀን በመንገድ ላይ ይገለጣል።

በመጨረሻ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ባጃጅ ያለን አባሎች ከየቀኑ ገቢ ጥቂት ብር ለጥገና ለይተን እናስቀምጥ። ተቀናሹን የሚያህል ገንዘብ ሁልጊዜ በእጃችን ይኑር። ትንሹን በዚያ እንጠግን፣ ትልቁን ለመድን እንተው፣ የሰው ጉዳይ ሲሆን ግን ቀን ሳንቆጥር እናስታውቅ። እድራችንን ለሐዘን እንደምንጠብቀው ሁሉ የመድን ውላችንንም ለክፉ ቀን እንጠብቀው።

ክፉውን ቀን ከሁላችንም ያርቅልን።