በከፍተኛው ፍርድ ቤት የፌዴራል ዳኝነት

የፌዴራል ዳኝነት ማለት በፌዴራል ሕግ የሚታዩ ጉዳዮችን ሰምቶ መወሰን ነው። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የለም። ታዲያ የፌዴራል ተቋም በተከራካሪነት የገባበት ክርክር ቢነሳ ማን ያየዋል?

መልሱ ውክልና ነው። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 80፣ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ሰጥቷል። አንድ የእስቴ ገበሬ የጎረቤቱን ፍየል በአደራ ተቀብሎ ከራሱ ፍየል ጋር ገበያ ያወጣል እንበል። የራሱን በፈለገው ዋጋ ይሸጣል፤ የአደራውን ግን ባለቤቱ በቆረጠው ዋጋ። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛም እንዲሁ ነው። ጠዋት የክልል ጉዳይ ሊሰማ ይችላል፤ ከሰዓት ደግሞ፣ እዚያው ችሎት ላይ፣ የፌዴራል ዳኝነት ይሰጣል።

እንግዲህ ይህ ዳኛ የሚሾመው በክልሉ ምክር ቤት ነው። የአዲስ አበባው የፌዴራል ዳኛ ግን የሚሾመው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ዕጩውን የሚያቀርቡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው።

የሁለቱም ነፃነት በአንቀጽ 79 የተጠበቀ ነው። ዳኛ የሚመራው በሕግ ብቻ ነው። ፍርዱ ባለሥልጣንን ስላስከፋ ከወንበሩ አይነሳም። ያለፈቃዱ ከጡረታ ዕድሜው በፊት የሚነሳው የሥነ ምግባር ጥፋት፣ ጉልህ የችሎታ ማነስ ወይም ሥራውን የሚከለክል ሕመም ሲረጋገጥ ነው። ያንንም የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይወስናል፤ ዳኛውን የሾመው ምክር ቤት ያጸድቃል። ለባለጉዳይ ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና የለም።